ከምጽዋ አስመራ በብስክሌት ለመውጣት ቆርጠው ለተነሱ የተሰጠ ምክር

ዕቅድ ሁሉ በማካፈል ይጀምራል። ምጽዋ ባሕር ዳር ነች፤ አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,325 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፤ በመካከላቸው ያለው አስፋልት 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ያካፍሉ። ሁለት በመቶ! በየመቶ ሜትሩ ሁለት ሜትር ብቻ። ይህንን ውጤት በንጹሕ ወረቀት ይገልብጡት፤ ለወዳጆችዎ ያሳዩት፤ ራት ላይ ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው፤ የሚጠራጠር ካለ ካልኩሌተሩን ያቀብሉት። ሁለት በመቶ እኮ ዳገት አይባልም። ወረቀቱን ኪስዎ ከትተው ቢጓዙም መልካም ነው። እስከ ጊንዳዕ ድረስ እያወጡ ሊያነቡት ይችላሉ። ከጊንዳዕ በኋላ ሁለቱም እጆችዎ ለሌላ ሥራ ስለሚፈለጉ አይመችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ከፍታውን ለሁሉም ኪሎ ሜትር እኩል አላከፋፈለም። ከምጽዋ እስከ ጊንዳዕ ያለው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት የሚያወጣዎ 900 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የቀረውን 1,400 ሜትር ለመጨረሻዎቹ 45 ኪሎ ሜትሮች ቆጥቦ አቆይቶታል። እግርዎ ሳይደክም፣ ወሬዎ ሳያልቅ፣ ቀለል ያለውን ያስቀድምልዎታል፤ ጭንዎ ሲዝል፣ በኮዳዎ የቀረው ውሃ ለብ ሲልና አብሮዎት የመጣው ወዳጅ መልስ መስጠት ሲያቆም ሒሳቡን ያቀርባል። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚያቅድ ሰው ከአስመራ ጀምሮ ወደ ኋላ ያቅድ። ውሃውን፣ ምግቡን፣ የመነሻ ሰዓቱን፣ ማርሹን፣ ልብሱን፣ ሁሉንም ከመጨረሻው ዳገት ተነስቶ ይቁጠር። ይህችን ብቻ ይዘው የቀረውን ቢዘሉ አልቀየምም፤ ግን ለመጻፍ ደክሜበታለሁና ያንብቡት።

አሁን ወደ መነሻው። እዚህ ላይ ጥቂት የሚያደናግር ነገር አለ። እርስዎን የሚያመጣው አውሮፕላን የሚያርፈው አስመራ ነው። በዚህ ሁሉ ድካም ሊደርሱበት ያሰቡት ቦታ ላይ፣ ላብ ሳይወጣዎ፣ ብስክሌትዎ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ፣ ደርሰዋል ማለት ነው። ዘንባባ የተተከለበት ጎዳና ከፊትዎ ነው። ዩኔስኮ በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች በእግር ይዞራሉ። ማኪያቶውም አለ። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ወንበር ይስባል። እርስዎ ግን ብስክሌትዎን አውቶቡስ ላይ አስጭነው፣ ለራስዎም ለእሱም ከፍለው፣ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ወርደው፣ በማግሥቱ ወደነበሩበት ለመመለስ ነው የመጡት። ይህንን ለጉምሩክ ሠራተኛ ማስረዳት ሊያስፈልግ ስለሚችል አስቀድመው ቢለማመዱት ጥሩ ነው።

የውጭ አገር ሰው ከአስመራ ወጣ ብሎ ለመጓዝ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዳገት የሚገኘው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ለእሱ የሚረዳ ማርሽ አልተሠራም። ከአዲስ አበባ ለሚነሱ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሃያ ዓመት ያህል ተዘግቶ የቆየው የአስመራ በረራ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. እንደገና ቆመ። የሰማዩን ሁኔታ ተከታተሉ የምለው ስለ ደመና ብቻ አይደለም። ከሮም፣ ከጅዳ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ወንድማችን ከአዲስ አበባው ሰው ይልቅ ለአስመራ የሚቀርብበት ዘመን አለ፤ ካርታ ላይ ግን ይህ አይታይም።

በአውቶቡስ ሲወርዱ መስኮቱ ጋ ይቀመጡና መጋረጃውን ይዝጉ። ነገ የሚወጡትን ኩርባ ሁሉ ዛሬ ቁልቁል እያዩ ቆጥሮ መተኛት ለእንቅልፍ አይበጅም። ሆኖም ነፋሲትና ጊንዳዕ ላይ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ውሃ የሚሸጥበትን ቦታ ልብ ይበሉ። ምጽዋ ሲደርሱ ባሕሩን ያያሉ። የአገራችን ሰው ባሕር ሲያይ ንግግር ያምረዋል፤ ታሪክ ይነሳል፣ ካርታ ይነሳል፣ ድምፅም ከፍ ይላል። እባክዎ ይህንን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። የወደብ ክርክር ሌሊት ሙሉ ያስኬዳል፤ እርስዎ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብስክሌት ላይ መሆን አለብዎት።

ወቅቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሐምሌ ላይ ምጽዋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች፤ ሌሊቱም ቢሆን ከ30 ብዙ ዝቅ አይልም። በዚያ ወር ምጽዋ ላይ ሊታቀድ የሚገባው ጉዞ በመኪና ወደ ደጋ መሸሽ ብቻ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን የዚህ አገር ዝናብ ሁለት ቤት አለው። ደጋው እንደኛው በክረምት ይዘንብበታል፤ ባሕር ዳሩ ግን የሚዘንብለት በበጋው፣ እኛ ፀሐይ በምንሞቅበት ወራት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ገደላማ አገር ከሁለቱም ይካፈላል፤ ለዚህ ነው እንደዚያ አረንጓዴ የሆነው። የቀይ ባሕር እርጥብ አየር ቁልቁለቱን እየገፋ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል፤ ጉሙም የሚተኛው በትክክል እርስዎ በሚደክሙበት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የኤርትራ ቱሪዝም ሦስት ወቅት በሁለት ሰዓት ብሎ የሚያስተዋውቀው ይህንኑ ነው። ሁለት ሰዓቱ የመኪና መሆኑን ልብ ይሏል።

አየር በየሺ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ለዚህ መንገድ ሲሰላ 15 ዲግሪ ይሆናል። ጠዋት ቲሸርቱን አውልቀው ቢጥሉት የተመኙት እርስዎ፣ ከሰዓት በኋላ በላብ በራሰ ማልያ ጉም ውስጥ ቆመው ጥርስዎ ይንገጫገጫል። ቀላል ጃኬት ይያዙ። የድሮ ተወዳዳሪዎች ንፋስ እንዳያገኛቸው ጋዜጣ ከማልያቸው ሥር ይሸጉጡ ነበር። መጽሔት ወፈር ስለሚል ሳይሻል አይቀርም፤ ይህንን ጽሑፍ ለዚያ ተግባር ቢያውሉት ከማንበብዎ እኩል እቆጥረዋለሁ።

አሁን ወደሚወዱት ርዕስ ደረስን፤ ዕቃ መግዛት። ብስክሌታቸውን በአንድ ኪሎ ለማቅለል የመኪና ጎማ ሙሉ ቅያሪ የሚያህል ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። አይፈረድባቸውም፤ ግን አብረን እናስላ። አንድ ኪሎ ዕቃ ከምጽዋ አስመራ ድረስ ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት 23 ኪሎ ጁል ነው። ሰውነታችን ከበላው ውስጥ ፔዳሉ ላይ የሚያደርሰው ከሩብ ያነሰውን ስለሆነ፣ በምግብ ሲመነዘር 24 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 100 ያህል አለው። ስለዚህ ያ ሁሉ ወጪ የሚያድንልዎ ሩብ ሙዝ ነው። ሙዙን ቢበሉት ይረክሳል። እርስዎና ብስክሌትዎ አብራችሁ 85 ኪሎ ብትሆኑ ደግሞ ለከፍታው ብቻ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈልጋል፤ ንፋሱና ርቀቱ ገና አልተቆጠሩም። በእርግጥ ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት እኔ መናገር አይገባኝም፤ መሪው ላይ ጎንበስ ሲሉ ራሱ ይታያል።

ገንዘብዎን የግድ ማውጣት ካለብዎት ማርሽ ላይ ያውጡት። ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላ 32 ጥርስ ቢሆን ፔዳሉን አንድ ጊዜ ሲያዞሩ ሁለት ሜትር ከሃያ ሳንቲም ያህል ይራመዳል፤ ከሰው ጥቂት እርምጃ ብዙም አይበልጥም፤ ዓላማውም ይኸው ነው። ሻጩ «ይህንን የሚወስዱት ሽማግሌዎች ናቸው» ካለዎት፣ ከጊንዳዕ በኋላ ሽማግሌ እንደሚሆኑ ይንገሩትና ይክፈሉት። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማና ፖምፓ ይያዙ። ጎሚስታ በየኩርባው ቆሞ አይጠብቅዎትም።

ልምምድ ያስፈልጋል። እንጦጦ ጥሩ ነው፤ ግን ለዚህ መንገድ የሚስማማው ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ወርደው ወደ ደጀን ሲወጡ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,400 ሜትር ያህል ያገኛሉ፤ ከጊንዳዕ አስመራ ያለውን ከፍታ በግማሽ ርቀት ማለት ነው። ከታች ሙቀት፣ ከላይ ንፋስ፤ ሁሉም የተሟላ። እስራኤል ያሉ ወገኖች ከሙት ባሕር ዳርቻ ወደ ዓራድ በሚወጣው መንገድ ቢለማመዱ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ያገኛሉ፤ ሙቀቱም አይጎድልም። የአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ አንድ የተለየ ዕድል አለው። አስመራ ከአዲስ አበባ ጋር በከፍታ እኩያ ስለሆነች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ሳንባዎ ወደለመደው አየር እየተመለሰ ነው። ከሮተርዳም የመጣው ጓደኛዎ ነፋሲት ላይ አየር ሲያጥረው እርስዎ ምንም አይሰማዎትም። እግርዎን ነው እንጂ።

ከአስመራ ወደ ኋላ የተሰላው የጊዜ ሰሌዳ የሚከተለውን ይመስላል። ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት አስመራ ለመግባት ነፋሲትን በ5 ሰዓት ማለፍ ያስፈልጋል፤ ነፋሲትን በ5 ለማለፍ ጊንዳዕ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ፤ ለዚያ ደግሞ ጋሕተላይ አካባቢ ጎሕ ሲቀድ፤ ለዚያም ከምጽዋ በሌሊቱ 10። ከፊት ወደ ኋላ የሚያሰላ ሰው ግን እንዲህ ይላል፦ «በሰዓት 25 እነዳለሁ፤ 115 ሲካፈል ለ25 አራት ሰዓት ተኩል፤ ቁርስ በልቼ ብነሳ ለምሳ እደርሳለሁ።» ይህ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ የት እንደሚገኝ አውቃለሁ። ከጋሕተላይ ወዲያ አንዲት ግራር ሥር ነው።

ጨለማ ውስጥ ሲነሱ መብራት ይኑርዎት። አሮጌው የምጽዋ ከተማ ደሴት ላይ ነው፤ ደሴቱ ከጥዋለት፣ ጥዋለት ደግሞ ከየብሱ ጋር ባሕር ተደልድሎ በተሠራ ጎዳና ተያይዘዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር የሚነዱት ግራና ቀኝዎ ውሃ ሆኖ ነው። ከዚህ በላይ ዝቅ የሚባልበት ቦታ ስለሌለ፣ ማልያዎ ላይ «ከዜሮ» ብለው ለመጻፍ ያሰቡ እንደሆነ ሙሉ መብት አለዎት።

ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ዶጋሊ ይደርሳሉ። በጥር 1879 ዓ.ም. ከምጽዋ አካባቢ ተነስቶ ወደ ሰሐጢ ሲያቀና የነበረ 500 ያህል ወታደር የያዘ የጣሊያን ጦር እዚህ ላይ ከራስ አሉላ አባ ነጋ ጋር ተገናኘ። ከዚያ ጦር የተረፈው ጥቂት ነው። ከምጽዋ ወደ ደጋው ስለሚወስደው መንገድ በቂ መረጃ ሳይይዙ መነሳት የሚያስከትለውን ነገር ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። ሮም የሚኖሩ አንባቢዎች፣ ሐበሻ በሚቀጣጠርበት በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ ሰዎች መሆኑን ያውቁታል። ዶጋሊ ያለው ድልድይ ላይ ደግሞ በፒየድሞንት ቋንቋ «የሚያስወጣውን ያህል ያስወጣ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተቀርጿል። ያ ሩብ ሙዝ የገዛው ሰው ቆሞ ፎቶ ይነሳበት።

ከመንገዱ ጎን ሐዲዱ ይታይዎታል። ፍጥነትዎ የሚያሳፍርዎ ከሆነ የሱን ታሪክ ያስታውሱ። ጣሊያኖች ሥራውን ከምጽዋ የጀመሩት በ1887 እ.ኤ.አ. ነው። በ1888 ሰሐጢ ደረሱ፤ በ1904 ጊንዳዕ፤ አስመራ የገቡት በ1911። ባቡሩ ይህንን ዳገት ለመውጣት 24 ዓመት ፈጅቶበታል፤ ያውም 30 ቦታ ላይ ተራራውን በስቶ እየሾለከ። እርስዎ አሥር ሰዓት ቢፈጅብዎ ማን ምን ይላል? በ1937 ደግሞ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የገመድ ማመላለሻ ዘርግተው ዕቃውን በአየር ያወጡት ጀመር። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ነቃቀሉት። አርቀው አላሰቡም፤ ዛሬ ቢኖር ከጊንዳዕ በላይ ተሳፋሪ አያጣም ነበር።

ጊንዳዕ ላይ ይብሉ። ፉልም ይሁን ዳቦ በሻይ፣ ምርጫው የእርስዎ ነው፤ ብቻ ከሃያ ደቂቃ በላይ አይቀመጡ፤ እግር ወንበር ከለመደ ክርክር ይጀምራል። ውሃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ይጠጡ፤ ግን ውሃ ብቻውን አይበቃም። በላብ የወጣው ጨው መመለስ አለበት። ለብስክሌተኛ ተብሎ በሚያምር ከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ጥሩ ነው። ያ ከሌለ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። እናቶች ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚያዘጋጁት ያው ነው፤ ለልጅ የሚሆን ለትልቅ ሰውም ይሆናል፤ በተለይ እምባትካላ ላይ ትልቅ ሰው መሆንዎ እያጠራጠረ ሲሄድ።

ከዚህ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ግራሩ ይቀራል፣ ጋራው ይለመልማል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ልጆች በለስ ልጠው ይሸጣሉ። ዝንጀሮዎች በመንገዱ ጠርዝ ተደርድረው ያዩዎታል። ሙዝዎን ደብቀው ይያዙ፤ የአንድ ኪሎውን ጥቅም አስቀድመው ያሰሉ ይመስላል።

ነፋሲት ላይ ቀና ካሉ ከተራራው ጫፍ ደብረ ቢዘን አለ። አቡነ ፊልጶስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም፤ የሚወጣውም በእግር ነው። መነኮሳቱ ያንን ዳገት ከ600 ዓመት በላይ ያለ ማርሽ፣ ያለ ኮዳ፣ ያለ የጊዜ ሰሌዳ ወጥተውታል፤ ስለ ፍጥነታቸውም ሲያወሩ አልተሰማም። ይህንን የማነሳው ለማሳፈር አይደለም። ከጊንዳዕ እዚህ ድረስ ስለ ጉልበትዎ ካጉረመረሙ ለመስማት የሚበቃ ጆሮ በአካባቢው እንደሌለ ለማሳሰብ ነው።

ከነፋሲት አስመራ ያለው 25 ኪሎ ሜትር የዚህ ሁሉ ዕቅድ ምክንያት ነው። መንገዱ አይከፋም፤ ቀጥ ብሎ አይወጣም። የጣሊያን መሐንዲሶች ዳገቱን በኩርባ ላይ ኩርባ እያደረጉ አለስልሰውታል። ችግሩም ይኸው ልስላሴው ነው። ቁመቱ ቢጎላ ኖሮ ወርደው መግፋት ክብር ነበረው፤ ለዚህ ግን መውረድ ያሳፍራል፤ መንዳት ደግሞ አልቻሉም። እያንዳንዱ ኩርባ የመጨረሻው ይመስላል። ከሥሩ ያለውን መንገድ እንደ ክር ተጠቅልሎ ሲያዩ ብዙ የወጡ ይመስልዎታል፤ ከላይ ያለውን አይዩት። ዓርበሮቡዕ አካባቢ ጉሙ ከያዘዎት ማየትም አይቻልም፤ ይህንን እንደ እርዳታ ይቁጠሩት። ጉም ውስጥ ግን የኋላ መብራትዎን ያብሩ፤ የአውቶቡስ ሾፌሮቹ መንገዱን በቃላቸው ያውቁታል፤ እርስዎ እዚያ መኖርዎን ግን አያውቁም። ከወደብ የተጫነ ከባድ መኪና ቀስ እያለ ሲያልፍዎ ጀርባውን ይዞ የመውጣት ሐሳብ ይመጣብዎታል። አያድርጉት። ስንት ሰው እንዳደረገው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኩዎትም።

አስመራ የተቀመጠችው ከገደሉ አፋፍ ብዙም ሳትርቅ ስለሆነ መድረስዎን የሚያበሥር ሜዳ አስቀድሞ አይመጣም። ስለዚህ የመንገድ ዳር ሰው «ስንት ቀረኝ?» ብለው አይጠይቁ። ደጋም ቆላም ያለ ሰው ለደከመ መንገደኛ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ደርሰሃል፣ ይችን ብቻ ነው።» ይህ ውሸት አይባልም፤ ምጽዋት ነው። ኪሎ ሜትር የሚቆጥር መሣሪያ መሪው ላይ ካለዎት ደግሞ ከነፋሲት በኋላ በፕላስተር ይሸፍኑት።

«ለምን ወደ ታች አልነዳውም?» የሚሉ አሉ። መብታቸው ነው። ሁለት ነገር ብቻ ላሳስብ። ፍሬኑን ያለ ማቋረጥ ይዘው አይውረዱ፤ ቸርኬው ግሎ ጎማ ያፈነዳል፤ ከኩርባው በፊት ጠበቅ፣ ከዚያ ለቀቅ ነው። ሁለተኛው ስለ ፎቶ ነው። ፎቶ ሲነሱ ብስክሌቱን ወደ ላይ ያዙሩት፤ ትንሽ ውሃም ፊትዎ ላይ ይርጩ። ይህንን መንገድ ወጥተው ለጨረሱ ደግሞ በስተሰሜን በፍልፍልና በሰለሙና ደን በኩል ጋሕተላይ የሚወርድ ሌላ መንገድ አለ፤ ውበቱ ይበልጣል፤ በዚያ በኩል የመውጣት ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ግን ይህ ጽሑፍ የሚረዳው አይደለም።

ከተማው ውስጥ ሲገቡ ጠባይ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ በብስክሌት 115 ኪሎ ሜትር መንዳት ለሦስት ወር የሚበቃ ወሬ ነው። አስመራ ላይ ግን ወሬው የት እንደሚወድቅ ይጠንቀቁ። እዚህ አገር የብስክሌት ውድድር የተጀመረው በጣሊያን ዘመን ነው፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ገብረማርያም ገብሩ ከጣሊያኖች ጋር ተወዳድሮ አሸነፋቸው። የኤርትራ ዙር በ1946 ተጀመረ። ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 በቱር ደ ፍራንስ የተራራ ንጉሥ የሚለብሰውን ቀይ ነጥብ ያለበት ማልያ ለበሰ፤ ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው ነው። ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ይዞ ተመለሰ። እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም፤ ገረመው ደንቦባ በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ነድቷል፤ ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህንን ግን ለራስዎ ያቆዩት፤ ሁለቱም አሁን ሊገፉዎ አይመጡም።

በሚገቡበት ሰዓት ኮት የለበሱ፣ ባርኔጣ የደፉ፣ ዳቦ ኋላቸው ያሰሩ አንድ አባት በከባድ የብረት ብስክሌት ቀድመውዎት ማለፋቸው አይቀርም። አይከተሏቸው። «ደህና ዋሉ አባባ» ብለው ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፤ እግራቸውን ግን አይመልከቱ፤ በወጣትነታቸው ምን እንዳሸነፉ አይታወቅም።

የደስታውን አገላለጽ በተመለከተ አንድ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቢንያም በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ዙር የየዚ ከተማን ውድድር አሸነፈ። ያን ቀን በኩርባ አልወደቀም፣ በቁልቁለት አልተንሸራተተም። መድረክ ላይ ቆሞ የፕሮሴኮ ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ተፈናጥሮ ዓይኑን መታው፤ በማግሥቱም ከውድድሩ ወጣ። ስለዚህ አስመራ ገብተው ብስክሌትዎን ካስጠጉ በኋላ ማኪያቶ ይዘዙ፤ ቡሽ የለውም።